ዘጠነኛዋ ፀሐይ

አየለ፣ አንተ ሰውዬ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ብጀምር መቃብር ውስጥ ሆነህም እንደምትስቅብኝ ስለማውቅ በለመድከው አጠራር ጠራሁህ። ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሣልስትህን፣ አርባህን፣ ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥቼልሃለሁ። በሕይወት ሳለህ «ነካ ያደርገዋል» ሲሉህ የነበሩት ሁሉ መጥተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ «እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል» እያሉ አፋቸውን ጠርገው ሄዱ። የትምህርት ቤትህ ዳይሬክተር ንግግር ካላደረግኩ ብሎ ተነሳና ስምህን ተሳሳተ። አረምኩት። ደግሞ ተሳሳተ። ያኔ ተውኩት።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ ተቀይሜህ ነው። ሰው ጠዋት ሻዩን ጠጥቶ ወጥቶ ማታ ሬሳው ሲመጣ ባለቤቱ መቀየም ይገባታል። ዛሬ የምጽፈው ግን ቅያሜውን ስለተውኩት አይደለም፤ በሐሩን ላይ የሠራሁትን ጥፋት የምነግረው ሰው ስለጠፋ ነው። ጥፋቴን ለሰው መናገር እንደማልወድ ታውቃለህ። ሙት ደግሞ ቢያንስ ወሬ አያዛምትም።

ከቤቱ ልጀምርልህ። ፎቶ ቤቱ እንዳለ ነው። ከመንገዱ በኩል ማንሻ ክፍሉ፣ መሐል ላይ ፊልም የማጥብበት ጨለማ ክፍል፣ ከኋላ መኖሪያችን። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ፤ ሰፈሩ እየለቀመ ከረመ፣ አመሰግናለሁ ያለኝ ግን የለም። የቀርከሃ አጥሩ በስተጀርባ በኩል ወድቋል። አላሠራሁትም። ምክንያቱን ስትደርስበት ታገኘዋለህ።

ከተማው ግን አያስቀምጥም። ክልል ሆንን ከተባለ ወዲህ አሶሳ ውስጥ ኃላፊ ያልሆነ ሰው መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኗል። በየቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከሰሌዳው ኋላ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ሰው። ከየአገሩ ተመድበው የሚመጡት ደግሞ ገና ከመኪና ሳይወርዱ ሙቀቱን ያማርራሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የተባለው ለእነሱ ነው። ይሁን፣ እንጀራዬ ናቸው። ሹመት ያለ ጉርድ ፎቶ አይሆንም። ማንሻ ክፍሉ ሚስማር ላይ የምሰቅላትን ባለ መስመር ክራቫት ታስታውሳታለህ? ተሿሚ ሁሉ እሷን አስሮ ነው የተነሳው። የየቢሮውን ፋይል ብትገልጥ ስሙ ይለያያል፣ መልኩ ይለያያል፣ አንገቱ ላይ ያለችው ግን ያችው የኔ ክራቫት ናት። ይህ ክልል በአንዲት ክራቫት ነው የተመሠረተው የሚል ሰው ቢመጣ እኔ እመሰክርለታለሁ።

አንተ አንድ ቀን እንኳ አላሰርካትም። «ፀሐይ አንገት የላትም» ብለኸኝ ነበር፣ ስጠይቅህ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው ያገባሁት።

እንዴት እንደተገናኘን አልረሳኸውም፣ እኔ ግን ልንገርህ፤ አንተ ሁልጊዜ ስታወራው የኔን ልፋት ትዘለው ነበር። ሥራዬ ፊት ማጠብ ነው። ከፓዌ፣ ከአባቴ የሰፈራ መንደር አምጥቶ ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ ነው ይህን ስም ያወጣለት። ሰው ፎቶ ሲነሳ ማድያቱ፣ ጠቃጠቆው፣ ቡግሩ ፊልሙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ መስሎ ይወጣል። እኔ ፊልሙን መስተዋት ላይ ዘርግቼ፣ በማጉያ እያየሁ፣ እንደ መርፌ በሾለ እርሳስ ቀዳዳውን አንድ ባንድ እደፍናለሁ። ወረቀት ላይ ሲታተም ሰውየው ከእናቱ ማህፀን እንደወጣ ንጹህ ነው። ከዚህ እስከ ባምባሲ ድረስ እንደኔ የምታጥብ የለችም፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ሌሎቹ ስለማይችሉ ነው።

አንተ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊዚክስ ልታስተምር በተመደብክ በሁለተኛው ወር አንድ ጥቅል ፊልም ይዘህ መጣህ። አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ የሚወጣበት ትልቁ ፊልም። «በጥንቃቄ አትሚልኝ» አልክ እንጂ ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። ሳጥበው አሥራ ሁለት ክብ ነገር ወጣ። በየክቡ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች። ይሄ ምስኪን ካሜራውን አቧራ በልቶበታል ብዬ አዘንኩልህ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔ እስኪንቀለቀል ድረስ ቀዳዳዎቹን ደፈንኩልህ። ሳስረክብህ እንደ ሸክላ ሳህን ያማሩ አሥራ ሁለት ነጭ ክቦች ነበሩ። ምስጋና ጠበቅኩ። አንተ አንድ ባንድ አይተህ ስትጨርስ ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ ብለህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅክ።

ያቺ ፀሐይ ነበረች። ቀዳዳዎቹ ፀሐይዋ ላይ ያሉ ጥቁር ነጥቦች ነበሩ፤ አሥራ ሁለት ቀን ጠብቀህ ያነሳሃቸው። «ፀሐይን ፊቷን ያጠበች የመጀመሪያዋ ሴት» አልከኝ። እኔ ደግሞ፣ ፀሐይ ማድያት ካላት ማድያቷን ሲቆጥር የሚውል ሰው ሥራ የፈታ ነው አልኩህ። በሳምንቱ ሌላ ፊልም ይዘህ መጣህ። ሦስተኛው ፊልም ሳይሞላ ፓዌ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ላክህ። ሽማግሌዎቹ ለአባቴ «መምህር ነው» አሉት እንጂ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይጠብቃል» አላሉትም። ይሄ በኔ ቤት ማጭበርበር ይባላል።

ከዚያ በኋላማ ጓሮዬ የአንተ ሆነ። ከገበያ በገዛሃት ባለ ሁለት ዓይን መነጽር አንዱን ዓይን በጨርቅ ሸፍነህ፣ ሌላውን ወደ ፀሐይ አዙረህ፣ ውስጡን በከሰል ባጠቆርከው ካርቶን ጫፍ ላይ የለጠፍካት ነጭ ወረቀት ላይ የፀሐይን መልክ ትጥላለህ። የሻይ ሰሃን የምታህል ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትቀመጣለች። ከጎን በቀደድካት ቀዳዳ ካሜራህን አስገብተህ ወረቀቷን ታነሳለህ። በቀን አንዲት ፎቶ ብቻ፣ ፊልም ብርቅ ነውና። ሁልጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ከማንጎው ጫፍ ስትወጣ። ከዚያ ደብተርህ ላይ ቀኑን፣ የነጥቡን ብዛት ትጽፋለህ። ሰማዩ ከተሸፈነ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ደመና»። ክረምቱን ሙሉ ደብተርህ ደመና፣ ደመና፣ ደመና ይላል። ይህን ለማንበብ ነበር ከፀሐይ ጋር የምጋራህ።

ሰው ሁሉ ስለ አዲሱ ክልል ሲያወራ አንተ ስለ አሮጌዋ ፀሐይ ታወራለህ። ከዚህ ቦታ ቆሞ መዝግቧት የሚያውቅ እንደሌለ፣ አንድ ቀን የሚፈልገው ሰው እንደሚመጣ፣ አንዳንዱ ነጥብ መሬትን ሊውጥ እንደሚችል። መሬትን የሚውጥ ነጥብ ስትቆጥር የጓሮውን ጉድጓድ ሳትደፍን ሞትክ። ሁለት ሸሚዝ በመነጽርህ አቃጥለሃል። አንድ ታጣቂ «ወደ ሱዳን ምን ያያል?» ብሎ መነጽሩን ሦስት ቀን ወሰደብህ፤ የሰው ዶሮ ሲያይበት ሰንብቶ መለሰው። ዳይሬክተርህም ፀሐይን ለማንሳት ከማን ፈቃድ አገኘህ ብሎ ጠይቆሃል። የፀሐይ ባለቤት ቢሮ ገና አልተከፈተም ነበር፣ አለዚያ እዚያው ይልክህ ነበር።

በሰው ስስቅ ግን ባንተም ስቄብሃለሁ። አንድ ነገር ብቻ ሳልስቅ ያዳመጥኩህ አለ። ፊልም ላይ ያየሁት ነጥብ የፀሐይ ይሁን ቆሻሻ እንዴት እንደምለይ ስጠይቅህ፣ እንደ ቁም ነገር ስለጠየቅኩህ ደስ ብሎህ መልስህን ሁለት ጊዜ ደገምከው። የነገውን ሳታዪ አትፍረጂ አልከኝ። ፀሐይ በራሷ ትዞራለች፤ የእሷ ነጥብ ከሆነ ነገ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ታገኚዋለሽ። ቆሻሻ ከሆነ ግን ነገ የለም።

አሁን ወደ ሐሩን ልምጣ።

ሐሩን ቀርከሃ ሠሪ ነው፤ የበርታ ሰው፣ ከኛ ሁለት ቤት አልፎ። አጥሩን የሠራልን እሱ ነው። መነጽርህን የሚሸከመውን ባለ ሦስት እግር የቀርከሃ መቆሚያ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ያለ ሚስማር ሠራልህ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲል ከጓሮ በር ብቅ ይላል። ካርቶኑን ያዝ ያደርግልሃል፣ ፊልሙን ስታዞር ያያል፣ ሻዬን ይጠጣል፣ ይሄዳል። «ፀሐይ ዛሬ ልጅ ወለደ» ይልሃል ነጥብ ሲበዛ፤ ትስቃላችሁ። እኔን «የመምህር ሚስት» እያለ ይጠራኝና «ሻይ አለህ?» ይለኛል፣ እንደ ወንድ። ሥራ ፈት አድርጌ ነበር የማየው። አማርኛውን ጨለማ ክፍል ገብቼ ብቻዬን አስመስዬ እስቅበት ነበር። ይህን አታውቅም፤ ደብቄህ ነው። ፓዌ ሳድግ «ሰፋሪ» ብለው ሲጠሩኝ እራት ሳልበላ የምተኛ ልጅ እንደነበርኩ ግን ነግሬህ ነበር። ሁለቱ ነገር አንድ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ አትጠይቀኝ።

የሞትክ ዕለት ጠዋት ፎቶህን አነሳህ፣ ደብተርህ ላይ ጻፍክ፣ ሻይህን ጠጣህ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ እያስተማርክ ወደቅክ። ከመምሸቱ በፊት አልቋል። በማግስቱ ልንቀብርህ ድንኳን ተጣለ፣ ሰፈሩ መጣ፣ እኔ ሳለቅስ አድሬ ነበር። ውሃ ልጠጣ ወደ ጓሮ ብወጣ ሐሩን መቆሚያውን ተክሏል። መነጽሩ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሏል፤ ካሜራህ በእጁ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ሌባ!» አልኩት። ሬሳው ሳይወጣ የሞተ ሰው ዕቃ ትዘርፋለህ አልኩት። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ። እሱ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ «ሦስት ሰዓት ሆነ» አለ። «ሦስት ሆነ፣ የመምህር ሚስት።» ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ካሜራውን ከእጁ መነጨቅኩት። «ከግቢዬ ውጣ፣ ሁለተኛ እግርህ እንዳይረግጠው» አልኩት። «ድሮም እናንተ» ብዬም ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን አልጽፍልህም፤ አንተ የለህም እንጂ ብትሰማ ታፍርብኝ ነበር።

እሱ መነጽሩን ሸፈነው፣ መቆሚያውን አጥፎ ግድግዳው ላይ አስጠጋው፣ ወጣ። ቀብር መጣ፤ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆመ። ከዚያ ሦስቱን ቀን ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ እሱ ዛሬ ከወደቀው አጥር ውጭ፣ ያኔ ገና ቆሞ ነበር አጥሩ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ወደ ውስጥ ያስገባው ሰው አልነበረም፤ እኔ ሌባ ያልኩትን ማን ያስገባል? አየሁት። ፊቴን አዞርኩ። ገበያ ላይ ባገኘውም ስዞር ዓመት አለፈኝ።

እንግዲህ ባለፈው ወር ከቢሮዎቹ የአንዱ ኃላፊ መጣ። የመጀመሪያ ጉርድ ፎቶውን በክራቫቴ ካነሳኋቸው አንዱ ነው፤ አሁን የራሱን አስሯል፣ ያውም አጭር አድርጎ። ለክልሉ የምሥረታ በዓል አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ ኋላ የሚሰቀል ትልቅ ፀሐይ ፈልጓል። አዲስ ክልል፣ አዲስ ፀሐይ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ተናገረ። «ባለቤትሽ የሆነ የፀሐይ ነገር ነበረው አይደል?» አለኝ። የሆነ የፀሐይ ነገር! ስድስት ዓመት ያለመታከት የመዘገብከው የሆነ ነገር ሆነ። ደህናውን እንድመርጥለት፣ ነጠብጣቡን ደግሞ አጥቤ እንዳጠፋለት አዘዘኝ። እንከን ያለባት ፀሐይ ለሕዝብ አትታይም አለ።

እሺ አልኩት። አትደንግጥ። ሰልችቶኝ ነበር። የታጠበች ፀሐይ ተሰቅላ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብላት ባይ፣ ትተኸኝ ስለሄድክ የምበቀልህ መስሎኝ ነበር። ክፉ ሐሳብ ነው። አንተ ግን ካገባኸኝ ጀምሮ ደግ ነኝ ብዬ አታልዬህ አላውቅም።

ከካሜራህ ውስጥ ያለው የመጨረሻው ፊልም እስከዚያ ቀን አልታጠበም ነበር። ከደብተርህ አየሁ፤ ከፊልሙ ስምንት አንስተሃል፣ ስምንተኛዋ የሞትክ ዕለት። ካሜራው ጀርባ ላይ ባለችው ቀይ መስኮት ግን ዘጠኝ ቁጥር ይታያል። ለነገ አዘጋጅተህ የሞትክ መሰለኝ። ለነገ ማሰብህ አናደደኝ፣ ከዚያ አስለቀሰኝ። ጨለማ ክፍል ገብቼ አጠብኩት፣ ሰቀልኩት፣ ደረቀ። ሙቀቱ ትንሽ አጉሽቶታል እንጂ ደህና ወጥቷል። ከስምንት በኋላ ባዶ ነው ብዬ ስላመንኩ ከታች የተጠቀለለውን አልዘረጋሁትም።

ከሁሉ ያማረችው ስምንተኛዋ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ አለባት፤ በግራ ጫፏ በኩል አንድ ትልቅ ነጥብ። ሰባተኛዋ ላይ የለም። እርሳሴን ቀረጽኩ፣ ማጉያውን አስጠጋሁ። ቆሻሻም ሊሆን ይችላል፣ የፀሐይም ሊሆን ይችላል። የእርሳሱ ጫፍ ፊልሙን ሊነካ ሲል የነገውን ሳታዪ አትፍረጂ ያልከኝ ትዝ አለኝ። እጄ ቆመ። ነገው የታለ? ነገው አንተን የቀበርኩበት ቀን ነው። አሥራ ሁለት ቀን ያነሳኸውን ሳጥብብህ የሳቅኸው ሰውዬ፣ የመጨረሻ ነጥብህ የፀሐይ ይሁን የአቧራ ሳይታወቅ ሊቀር ነው ብዬ፣ እንዲያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሞትህን ራሱን እንደዚያ አላለቀስኩትም።

እንባዬን ስጠርግ ፊልሙን ክንዴ ገፋውና የተጠቀለለው ተፈታ። ከስምንት ቀጥሎ ዘጠነኛ ፀሐይ አለች።

ጠማማ ናት። ግማሿ ከወረቀቱ ወጥቷል፤ በአንድ በኩል የሰው አውራ ጣት ጥላ አርፏል። የቀረችው ግማሽ ላይ ግን ያ ነጥብ አለ። ከጫፉ ወደ ውስጥ ፈቀቅ ብሏል። ልክ እንዳልከው፣ ትንሽ ፈቀቅ።

ሦስት ሰዓት ሆነ ያለኝ ለካ ይህን ነው። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ካለነው ሁሉ፣ ከኔ ጭምር፣ አንተ ብትኖር በዚያች ሰዓት የምታደርገውን ያሰበ አንድ ሰው ነበረ። እሱን ነው ሌባ ያልኩት። ሌባ ሳልለው አንስቷት አበቃ፤ ካሜራውን የነጠቅኩት ከጨረሰ በኋላ ነው።

ሁለቱን ፎቶ አትሜ ሐሩን የሚሠራበት ድረስ ሄድኩ። ይቅርታ ማለት እንደማላውቅበት ታውቃለህ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ አልኩ። ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር፤ ሲያየኝ ቢላውን አስቀምጦ ተነሳ። የማንም ሰላምታ ሳይቀድም ፎቶውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ይዞ ብዙ አየው።

«ጠማማ ነው» አለ። «ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ይቅር በለኝ አልኩት። «አላህ ይቅር ይበል» አለኝ። አላህ አለ እንጂ እኔ አላለም። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን ያን ያህል አልሄድም ነበር። ለምን ያኔ አልነገርከኝም ስለው ትከሻውን ነቀነቀ። «መምህር አንድ ቀን አይዘልም» አለ። «አልቅሰህ ነበር፤ ማን ይሰማል?» ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ጠየቀኝ። «ዛሬስ አነሳህ?»

አለማንሳቴን ስነግረው እንደ ጃጀች ባልቴት አየኝ። ያ አስተያየት ይገባኛል።

ኃላፊው ፀሐይዋን ሊወስድ ሲመጣ ስምንተኛዋን ከነነጥቧ አሳድጌ ሰጠሁት። አላጠብሽውም ብሎ ተቆጣ። እኔም ግንባርዎ ላይ ያለውን ጠባሳ ከስንት ጉርድ ፎቶ ላይ እንዳጠብኩልዎ ልቁጠርልዎት ወይ አልኩት። ፎቶውን ጥሎ ወጣ። ለበዓሉ ሰዓሊ አስመጥተው በዘይት ቀለም አሳሏት፤ ሄጄ አየሁ። የተጠበሰ እንቁላል። አዳራሹ ሙሉ ሹም ከተጠበሰ እንቁላል ሥር ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አይቼ ተመለስኩ። ያንተን ፀሐይ እዚያ ባለመስቀሌ ደስ ብሎኛል፤ አይገባቸውም።

ስምንተኛዋና ዘጠነኛዋ አሁን ማንሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ክራቫቷ ከነበረችበት ሚስማር ሥር። ክራቫቷን አወረድኳት። ደንበኛ ሲጠይቀኝ ስምንተኛዋን ባለቤቴ አነሳት፣ ዘጠነኛዋን ሐሩን አነሳት እላለሁ። ሌባ ያልኩት በሰው ፊት ነውና ይህንም የምለው በሰው ፊት ነው። ዘጠነኛዋ ጠማማ ናት የሚል ደንበኛ ካለ ፎቶውን ሌላ ቤት ሄዶ ይነሳል።

ደብተርህን ቀጥያለሁ። የሐሩንን ቀን እሱ እንዳነሳት ጻፍኩ፤ አንድ ነጥብ፣ ፈቀቅ ያለ። ከዚያ በኋላ ላለው ዓመት ከሦስት ወር ምን እንደምጽፍ ጨነቀኝ። ፀሐይዋማ በየቀኑ ወጥታለች፤ ያላየናት እኛ ነን። አንድ ገጽ ሙሉ ላይ በትልቁ «ደመና» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልዘለልኩም፤ አልዘልም። ቃል የምገባልህ ይህን ነው፣ ሌላ መታሰቢያ ከኔ አትጠብቅ። ሐሩንም ሦስት ሰዓት ሲል ይመጣል። የወደቀው አጥር ዘንድ ሲደርስ ግን ይቆማል። ግባ ስለው አይሰማኝም፤ እግርህ እንዳይረግጠው ብዬው የለ? አጥሩን ልጠግነው ወይ ሲለኝም እምቢ አልኩ፤ ከተጠገነ ጭራሽ አላየውም ብዬ። ስለዚህ መነጽሩን፣ ካርቶኑን፣ ካሜራውን ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ሻዩንም። የሚተከለው አሁን ከአጥሩ ውጭ ነው፣ ሦስት ቀን ለቅሶህን ከተቀመጠባት ድንጋይ አጠገብ። እሱ እስኪገባ ድረስ እኔም አንተን የማስታውስህ እዚያ ውጭ ቆሜ ነው።

ሚስትህ